ጋሽ ገዱን የሚያስፈራ መጽሐፍ

አልጣሽ በደባርቅ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድ ነገር አጥብቃ ታምን ነበር፤ ለእያንዳንዱ አንባቢ ልኩ የሆነ መጽሐፍ አለ፣ የጠፋ ከመሰለም ፈላጊው ሰንፎ ነው። ይህን እምነቷን ሊያስጥሏት ምንም ያልቀራቸው ሰው ጋሽ ገዱ ናቸው።

ጋሽ ገዱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳንቃ በር ካምፕ የብሔራዊ ፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት፣ ሆነው አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ የቤተ መጻሕፍቱ በር ሲከፈት ከውርጩ ጋር አብረው ይገባሉ፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አልጣሽ ጠረጴዛ ፊት ቀጥ ብለው ይቆሙና አንዲት ነገር ብቻ ይጠይቃሉ።

«የሚያስፈራ አለሽ?»

መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሏት ነበር። ስንቱ ጡረተኛ ጠላ ቤት በሚውልበት ከተማ መጽሐፍ የሚጠይቅ ሽማግሌ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ባዶ ቤት ውስጥ መንፈስ ሲመላለስ የሚያሳየውን፣ እሷን ራሷን ሦስት ቀን መብራት አስበርቶ ያሳደራትን ልብ ወለድ መርጣ ሰጠቻቸው። በማግስቱ ይዘውት መጡ።

«እንዴት ነበር ጋሼ?»

«አላስፈራኝም።»

«ኧረ! ያ ደረጃው ላይ የሚሰማው ኮቴስ?»

«እሱን ተይኝ። ሰውየው ኮቴ ሰማ፤ ሻማ ለኮሰና ኮቴው ወደተሰማበት ሄደ። ኮቴ የሰማ ሰው የበራውን ያጠፋል እንጂ ያልበራውን ያበራል? ይህን የጻፈው ሰው አንድ ቀን እንኳ ውጭ አድሮ አያውቅም።»

የነፍሰ ገዳይ ታሪክ ሰጠቻቸው። «ገና ሃያኛው ገጽ ላይ አወቅሁት፤ ከሁሉ አብልጦ የሚያለቅሰው እሱ ነበር» ብለው መለሱት። ወደ ጅብነት ስለሚለወጥ ሰው የተጻፈ ሰጠቻቸው። «ጅቡ ጥርሱን ገልጦ ሳቀ ይላል። እኔ ከጅብ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን አልሳቀልኝም» አሉ። ታኅሣሥ ሲገባ አሥራ ሰባት መጽሐፍ ወስደው አሥራ ሰባቱንም «አላስፈራኝም» ብለው መልሰዋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። ጋሽ ገዱ ግን ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ይዘው ይቀመጡና እሳቸው የጨረሱትን መጽሐፍ ያነሣ አንባቢ ባዩ ቁጥር አላስችል ይላቸዋል። «እሱን ነው የያዝከው? ገዳዩ ወንድሙ ነው» ይላሉ፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው። መምህር ባርናባስ ሦስት ሳምንት ተራ የጠበቁበትን መጽሐፍ ገና ከመደርደሪያው ሲያወጡ መጨረሻውን ሰምተው፣ እዚያው መልሰው አስቀምጠው ወጥተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተመልሰው አልመጡም።

አልጣሽ በትልቁ ጻፈችና ግድግዳው ላይ ለጠፈች፦ «የመጽሐፍ መጨረሻ መናገር በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ጋሽ ገዱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ልክ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያስፈልጋል» አሉ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪ የፍቅር ልብ ወለድ ይዛ አጠገባቸው ስትቀመጥ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ መጨረሻውን አልነግርሽም፤ ክልክል ነው። ብቻ ልጁን ብዙ አትልመጂው» አሏት።

አልጣሽ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

በዚያ ሰሞን፣ ተዘግቶ የነበረው የጎንደር መንገድ ሲከፈት፣ ሁለት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ አንድ ካርቶን የወጣቶች መጽሐፍ ደረሰላት። ካርቶኑን ስትከፍት እንደ ልጅ ነበር ያደረጋት። ከሁሉም አንዱ፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለው፣ ልቧን ወሰደው። ታሪኩ የረጅም መንገድ ሹፌር አባት ስላላት አንዲት ልጅ ነው፤ አባትየው ለወራት ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ልጅቷ ራሷ ናት የምታወራው። አልጣሽ በሁለት ቀን ጨርሳ መጨረሻው ላይ አለቀሰች፤ ሲነጋም ለቅዳሜው የወጣቶች የንባብ ክበብ መረጠችው።

የክበቡ መሪ ማዕረግ ናት፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፤ ከእጇ መጽሐፍ የማይጠፋ፣ ስታነብ ጥፍሯን የምትበላ ልጅ። አባላቱ ዘጠኝ ናቸው፤ መጽሐፉ ደግሞ አንድ። ሁለቱ ተቀምጠው የተራ ዝርዝር አወጡ፤ ለአንድ ሰው አንድ አንድ ቀን። መጀመሪያዋ ማዕረግ ነበረች፤ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ልትወስደው ተስማሙ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ገዱ አሥራ ስምንተኛውን ይዘው መጡ። የንባብ ክፍሉ ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ተቀምጧል። ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «እንግዲህ አልጣሽ፣ ደክመሻል፤ እግዜር ይስጥሽ። እዚህ ቤት የሚያስፈራ የሚባል ነገር የለም። ባዶ ነው» አሉ።

አንዱ ሳቀ። አልጣሽ ፊቷ ጋለ። አሥራ አንድ ዓመት አቧራውን አራግፋ፣ የተቀደደውን ለጥፋ፣ ደብዳቤ ጽፋ ለምና የሰበሰበችው ቤት ነው ባዶ የተባለው! እጇ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን አረንጓዴውን መጽሐፍ አነሣና ካፖርታቸው ላይ ለጠፈው።

«እንኩ! ይህን ይሞክሩት!»

ጋሽ ገዱ ሽፋኑን አገላብጠው አዩ። «ይህ የልጆች አይደለም እንዴ?»

«የልጆች ነው። ያስፈራዎታል» አለች፣ በንዴት፣ ምን እንደምትል እንኳ ሳታስበው።

ማዕረግ ከሰዓት በኋላ እየሮጠች መጣች። የሆነውን ስትሰማ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ።

«እትዬ አልጣሽ! ለአባባ ገዱ? የኔን?»

«ነገ ይመልሱታል። እሳቸው ሁልጊዜ በማግስቱ ነው የሚመልሱት።»

በማግስቱ አልመጡም። የመስኮቱ ወንበር ባዶውን ሲውል ቤቱ ጸጥ አለ፤ አልጣሽም የመጀመሪያውን ቀን እንደ በዓል ቆጠረችው። ረቡዕም አልመጡም። ሐሙስ ስልክ ደወለች፤ አያነሡም። ማዕረግ በየቀኑ በሩ ላይ ብቅ ብላ «መጣ?» ትላለች፤ አልጣሽ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ልጅቷ ሰላም እንኳ ሳትላት ትሄዳለች። በዘጠነኛው ቀን አልጣሽ በምሳ ሰዓት በሩን ቆልፋ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። ማዕረግ መንገድ ላይ አግኝታት፣ «እኔም እሄዳለሁ፤ አንቺ ታዝኚላቸዋለሽ» አለቻትና ተከተለቻት።

የጋሽ ገዱ ቤት ወደ ፓርኩ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከገብስ ማሳው ከፍ ብሎ ነው። ነፋሱ ሰው ይገፋል። ሽማግሌው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ መጽሐፉ በፌስታል ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ አለ።

«ጋሽ ገዱ!» አለች አልጣሽ ገና ከሩቁ። «ዘጠኝ ልጅ ተራ ይጠብቃል እኮ! ስልክስ ለምን አያነሡም? አሞዎት ነው ብዬ እኮ...» አላመማቸውም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«አልጨረስኩትም» አሉ።

«በዘጠኝ ቀን?»

«መቶ አርባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሜያለሁ።»

«ምን ሆነው ቆሙ?»

ጋሽ ገዱ ፌስታሉን አስተካከሉት። «ፈራሁ» አሉ።

አልጣሽ የሚቀልዱባት መስሏት ነበር። ፊታቸው ላይ ግን የቀልድ ምልክት አልነበረም። ገጹን አስታወሰችው። አባትየው ከአራት ወር በኋላ ቤቱን ያንኳኳል፤ ልጅቷ ትከፍታለች፤ ታየዋለች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ዞራ «እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ትላለች።

«የኔም ልጅ ይህንኑ ብላኛለች» አሉ ጋሽ ገዱ። «ድንቅነሽ። ሰባት ዓመቷ ነበር። ከካምፕ ወርጄ፣ ጢሜ አድጎ፣ በሩ ላይ ስቆም። 'እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል።' ጠፋኋት ብዬ ሳቅሁ። ካምፕ ተመልሼ ለጓደኞቼ አወራሁላቸው፤ ሳቁ። ሠላሳ ዓመት ቀልድ አድርጌ ሳወራው ኖርሁ። ለፓርኩ ጎብኚ ፈረንጆች ሁሉ በአስተርጓሚ አስነግሬዋለሁ።»

ወደ ማሳው ዞሩ። ነፋሱ የገብሱን ቃርሚያ እያነሣ ይወስዳል።

«እዚህ ላይ ግን ልጅቷ ናት የምታወራው። አውቄዋለሁ ትላለች። ገና ኮቴውን ስሰማ አውቄዋለሁ፤ አውቄ ነው ያልኩት ትላለች።» ቀና ብለው አዩዋት። «አውቃ ነው ያለችው፣ አልጣሽ።»

አልጣሽ ዓይኗን ወደ መጽሐፉ መለሰች። ይህን ገጽ ስታነብ ጎበዝ ጸሐፊ ብላ ከሥሩ በእርሳስ አስምራበት ነበር እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አልታያትም።

«አሁን የት ናት ልጅዎ?»

«ዳባት ናት። ወፍጮ ቤት አላት። ለእናቷ ቀብር መጣች፤ ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።» ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ ካፖርታቸውን እየነካኩ፣ «እስቲ መጨረሻውን ንገሪኝ» አሏት። «ትታረቀዋለች?»

ይህን ጊዜ ያዘነላቸው ልቧ ተመልሶ ነደደ።

«እርስዎ? እርስዎ ነዎት መጨረሻ ንገሪኝ የሚሉኝ? መምህር ባርናባስን ከቤቴ ያባረሩት እርስዎ?»

«እሺ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ብቻ ትታረቀዋለች ወይስ አትታረቀውም?»

ማዕረግ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና፣ «እትዬ እንዳትነግሪያቸው! እኔ አላነበብኩትም!» ብላ ጮኸች።

መልሱ አልጣሽ አፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሁለት ቃል ቢሆን ነው። ዋጠችው። «አልነግርዎትም። ወይ ያንብቡት፣ ወይ ይመልሱት።»

«እስከ ቅዳሜ ስጪኝ።»

ማዕረግ በረጅሙ ተነፈሰች። አልጣሽም ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ቁልቁለቱን ስትወርድ በራሷም በሳቸውም እየተናደደች፣ ለምን በጉልበት እንዳልነጠቀቻቸው ለራሷ መልስ ሳታገኝ።

ቅዳሜ ክበቡ ተሰበሰበ። ዘጠኙ ወጣቶች ስላላነበቡት መጽሐፍ ሊወያዩ ተቀምጠው እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ገዱ የሉም። አንዱ ልጅ ጎረቤታቸው ነውና፣ «አባባ ገዱ ትናንት በጠዋት የዳባት ሚኒባስ ሲሳፈሩ አይቻለሁ፤ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል» አለ።

«የመንግሥት ንብረት ይዘው?» አለች አልጣሽ። «ከወረዳ ውጭ?»

ልጆቹ ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። ማዕረግ ብቻ አልሳቀችም። ዝርዝሩን ቀደደችና፣ «ባልጻፍነው ይሻል ነበር» አለች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት የቤተ መጻሕፍቱን በር ገፍታ ገባች። ረጅም ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ፤ ወደ ሠላሳ ስምንት ዓመት ይሆናታል። ጥቁር ሹራቧ ክር ውስጥ ዱቄት ገብቶ አልወጣ ብሏል።

«አልጣሽ የምትባለው ማን ናት?» ስትል የሚያነበው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«እኔ ነኝ። እባክሽ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፤ ቤተ መጻሕፍት ነው።»

«ወፍጮ ቤት ነው የምውለው። አይቀንስልኝም።» አረንጓዴውን መጽሐፍ ከፌስታሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይህን ለአባቴ የሰጠሽው አንቺ ነሽ?»

አልጣሽ መጽሐፉን ሳብ አድርጋ ገጾቹን አየች፤ ደኅና ናቸው። ጠርዙ ላይ ብቻ የዱቄት ጣት አርፎበታል። «እኔ ነኝ። ድንቅነሽ ነሽ?»

«ዓርብ ጠዋት መጣ። ሥራ በሚበዛብኝ ቀን! ሃያ ሰው ከነስልቻው ቆሟል። እንዴት ነሽ እንኳ በወጉ አላለኝም፤ ጆንያ ላይ ተቀመጠና 'ላንብብልሽ' አለኝ። ወፍጮው እየጮኸ ማን ይሰማዋል? እሱ ግን ያነባል። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሰው ይስቃል። በኋላ ጨነቀኝና ሞተሩን አጠፋሁት።»

«አጠፋሽው?»

«ምን ላድርግ! ባለ ገብሶቹ ጮኹብኝ። እሱ ማንበቡን ቀጠለ። በኋላ እነሱም ተቀምጠው ማዳመጥ ያዙ፤ አንዲት አሮጊት እንዲያውም ቅዳሜ ገብስ ሳትይዝ መጣች።» ድንቅነሽ ወንበር ሳትጠየቅ ስባ ተቀመጠች። «መቶ አርባ ሁለት ላይ ሲደርስ ድምፁ እምቢ አለው። ተቀበልኩትና እኔ አነበብኩ። ስጨርስ፣ 'አውቀሽ ነበር ወይ?' አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«አዎ አልኩት። ምን ልዋሽ?»

ሴትዮዋ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች፤ መልሳ ዘረጋችው።

«ተነሣና የወፍጮውን ቺንጋ፣ ያንን የላስቲክ ቀበቶ፣ ላጥብቅልሽ አለ፤ ላልቷል አለ። አልላላም። ተው ብለው እምቢ አለ። አጠበቀ፣ አጠበቀ፣ በጠሰው! አሁን ቺንጋ ከጎንደር እስኪመጣ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። እሱም እኔ ነኝ የበጠስኩት ብሎ ከቤቴ አልወጣም ብሏል። አራት ቀኑ ነው!»

አልጣሽ ሳቋ መጣ፤ ከንፈሯን ነከሰች። «እንግዲህ ታርቃችኋላ» አለች።

ይህን ስትል ድንቅነሽ መጽሐፉን በጣቷ መታች። «ይኸው! አንቺም እንደሱ ነሽ። እኔ የመጣሁት ለዚህ ነው። ይህን መጽሐፍ ለሰው ጥሩ ነው እያልሽ ነው የምትሰጪው?»

«ጥሩ ነው እንጂ። በጣም ጥሩ ነው።»

«መጨረሻውስ? ልጅቷ በአንድ ገጽ ይቅር አለችው። በአንድ ገጽ! አሥራ ሦስት ዓመት ሲጠፋባት ኖሮ፣ አንድ ቀን ሻይ አፍልቶ ስለሰጣት። ይህን የጻፈው አባት ነው እንጂ ልጅ አይደለም።»

አልጣሽን ነገሩ ከነከናት። ያለቀሰችበት ገጽ ነው። «ይቅርታ እኮ አንዳንዴ እንዲህ በድንገት...» ብላ ጀመረች።

«ያንቺ አባት ቤት ነበር የሚያድረው?»

«አዎ። በየቀኑ።»

«ታዲያ አንቺ በምን ታውቂዋለሽ?»

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ማዕረግ ከነደብተሯ ገባች። አረንጓዴውን ጠረጴዛው ላይ ስታይ እንደ ጭልፊት ወረደችበት፤ አንሥታ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። «ማንም አይናገር! አንድ ቃል!»

ድንቅነሽ አየቻት። «አልነግርሽም። ብቻ የመጨረሻውን ምዕራፍ ብዙ ተስፋ አታድርጊበት።»

«እትዬ አልጣሽ፣ እኚህ ደግሞ ማናቸው?» አለች ልጅቷ ልታለቅስ ደርሳ።

«የጋሽ ገዱ ልጅ ናቸው።»

ማዕረግ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። መጽሐፉን ይዛ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሸሸች።

ድንቅነሽ የምትሄድ መስላ ተነሣች፤ ግን አልሄደችም። መደርደሪያዎቹን በዓይኗ ቃኘች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ።

«ሌላ አለሽ?»

«ምን ዓይነት?»

«ልጅ ቶሎ ይቅር የማትልበት። እንዲያውም ጭራሽ የማትልበት ቢሆን ግድ የለኝም። ብቻ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ የሚቀመጡበት።» ትንሽ አሰበች። «ማታ ማታ ዝም ብሎ ያየኛል። እንዲህ ዝም ብሎ ከሚያየኝ ባነብለት ይሻላል። የሚያወራውን ነገር አያውቅም፤ እኔም አላውቅም።»

አልጣሽ ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። አሥራ አንድ ዓመት ስትመርጥ ይህን ያህል ቆማ አታውቅም። አንዱን አወጣች፤ መጨረሻውን አስታውሳ መለሰችው፤ እዚያም ልጁ አባቱን አቅፎ ያለቅሳል። ሌላ አወጣች፤ እሱም ያው። ስንቱን እስከዛሬ ሳታስተውለው ኖራለች! በመጨረሻ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ማንም የማይወስደውን፣ በአንድ እርሻ ላይ ሳይነጋገሩ ስለሚያርሱ ሁለት ወንድማማቾች የተጻፈውን አገኘች። ሰዎች «ምንም አይፈጠርበትም» እያሉ ነበር የሚመልሱት።

«ይህ ደስ ይልሽ እንደሆነ አላውቅም» አለች። ለአንባቢ እንዲህ ብላ መጽሐፍ ስትሰጥ የመጀመሪያዋ ነበር። «ነዋሪነትሽ ዳባት ስለሆነ በስምሽ ማውጣት አልችልም። በአባትሽ ካርድ ልመዝግበው።»

«መዝግቢው። ካልወደድነው መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«እባክሽ፣ ቀስ ብለሽ» አለች አልጣሽ።

ድንቅነሽ መጽሐፉን ያንኑ ፌስታል ውስጥ ከታ ወጣች። ውጭ የዳባት ሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ይሰማል፤ የእሷ «ጠብቀኝ!» ግን ከሱ ጥሪ በልጦ ተሰማ። አንባቢው ሁሉ ወደ ገጹ ተመለሰ።

አልጣሽ ማዕረግ ወደተቀመጠችበት ሄደች። «አንዴ ስጪኝ፣ የመጨረሻውን ገጽ ልይ።»

«እትዬ!»

«አላነብልሽም። ፊትሽን አዙሪ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና መጽሐፉን በሁለት እጇ ያዘችላት። አልጣሽ ገለጠችና በጣቷ መስመሮቹን ቆጠረች። ይቅርታው አንድ ገጽ ከአራት መስመር ነበር። መጽሐፉን ዘጋችው፤ ማዕረግ ዓይኗን ገልጣ ስታያት፣ «አንብቢ፤ ስትጨርሺ የተሰማሽን ንገሪኝ። እኔ ምንም አልልሽም» አለቻት።